በቁጥር ዘጠኝ ሽፋን ላይ ስለተጻፈው ነገር

ውድ እትዬ፣

ባለፈው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በሥራ ገበታዬ ላይ ሳለሁ፣ ሦስት ጊዜ ያስነጠሰኝ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ነገሩ ቀላል ይመስልሻል። ሰው ያስነጥሰዋል፣ መሐረብ ያወጣል፣ ይማርህ ይባላል፣ ያልፋል። የእኔ ግን አላለፈም። አራት ገጽ ሪፖርት ተጽፎበታል፤ ሁለት ስብሰባ ተጠርቶበታል፤ አንድ የጥርስ ሐኪም ጠበቃ አነጋግሮበታል። እኔ ራሴ ግራ ገብቶኛል። ግራ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቀኙም አብሮ ገብቶ መሃል ላይ ተጋጭተውብኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» ከምትል መልእክት በቀር ምንም ያልጻፈልሽ ወንድምሽ ዛሬ እንዲህ ገጽ ሙሉ ሲጽፍ አትደንግጪ። የሞተ ሰው የለም። የታመመም የለም፤ ያስነጠሰው ሰው እንኳ ደህና ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሆኖም መጀመሪያ የነገርኩሽ ቀን ወንበር ይዘሽ ስትስቂ ስለነበር ግማሹን የሰማሽው አይመስለኝም። ሰዎች አሮጌ ኮሚክ፣ ያን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ይዘውልን ይመጣሉ። እኛ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ነጭ መብራት ሥር፣ እጃችንን ታጥበን፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ጎንበስ ብለን እናየዋለን። ማዕዘኑ ተላልጧል? ጀርባው ተሰብሯል? የተሰፋበት ሽቦ ዝጓል? ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል? አይተን ስናበቃ ከአሥር ቁጥር እንሰጠዋለን። ከዚያ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ጥግ የሚቀመጠው አሻጊያችን በማሽኑ ዙሪያውን ያሽገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን መጽሐፍ ማንም ገልጦ አያነበውም። ሣጥኑ ከተከፈተ ቁጥሩ ይሰረዛላ። እትዬ፣ እኛ መጽሐፍን እንዳይነበብ አድርገን የምናስረክብ ሰዎች ነን፤ ሰዉም አመስግኖን ይሄዳል።

ጣጣው የሚመጣው ፊርማ ሲጨመርበት ነው። ሠዓሊው ራሱ ሽፋኑ ላይ ቢፈርምበት የመጽሐፉ ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የቤታችን መመሪያ ለዚህ ሰሎሞናዊ መልስ አለው። ፊርማው ሲፈረም ያየ የቤቱ ምስክር ካለ፣ ጌጥ ነው፤ ወርቃማ መለያ ይለጠፍለታል። ምስክር ከሌለ፣ ቆሻሻ ነው፤ ግራጫ መለያ ይለጠፍበትና ቁጥሩ ይወርዳል። ያው ሠዓሊ፣ ያው እስክሪብቶ፣ ያው ሽፋን። ጌጥና ቆሻሻን የሚለየው አጠገቡ ተቀምጦ ያየ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሌላ ሰው ሲፈርም ለማየት ነው። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ምስክር ነው» እያለች ስትኮራ፣ ጎረቤቱ በየትኛው ወንጀል እንደሆነ በሹክሹክታ ይጠይቃት ነበር።

የመመሪያው አንቀጽ አሥራ ሁለት እንዲህ ይላል፦ «ምስክሩ እስክሪብቶው ወረቀቱን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ እስኪለቀው ድረስ ዓይኑን ከፈራሚው እጅ ላይ አይነቅልም፤ ተፈጥሮ ከምታስገድደው በላይም አያርገበግብም።» ስለ ማስነጠስ ግን አንቀጽ የለም። ያወጡት ሰዎች ጉንፋን የሚባል ነገር አልሰሙም መሰለኝ።

ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለው ክርክር በመተላለፊያችን አግዳሚ ወንበር ላይ በየሳምንቱ ይካሄዳል። ተከራካሪዎቹ ሁለት ነባር ደንበኞች ናቸው፦ የጥርስ ሐኪሙና ጎማ ሻጩ። የጥርስ ሐኪሙ የፊርማ ወዳጅ ነው፤ ያለ ፊርማ ኮሚክ ማለት ማኅተም እንደሌለው የመድኃኒት ማዘዣ ነው ይላል። ጎማ ሻጩ ደግሞ ንጹሕ ሽፋን ካላየ ምግብ አይበላም። አንድ ቀን እንዲህ ሲባባሉ ሰማኋቸው፦

«በምሸጥልህ አዲስ ጎማ ላይ ስሜን በቢላ ብጽፍበት ትገዛኛለህ?»

«አንተ ጎማውን አልሠራኸውማ!»

«የሠራውም ቢጽፍበት እኮ ነፋሱ ይወጣል፣ ወንድሜ።»

እኔ በውስጤ ለሁለቱም አጨበጨብኩ። ያቺን «አልሠራኸውማ» ግን ያዢልኝ፤ ኋላ ትመለሳለች።

አሁን ሆድ ወደሚያባባው ልመጣ ነው፤ ፊቴን አኮሳትሬ ብጽፈው ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሳልቀልድ ስጽፍ እጄ ልምድ የለውም።

የእማዬ ቤት ሊለቀቅ ዕቃ ስንለይ፣ ከቁም ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር፣ «ሊፍተኛው» የሚባለውን ኮሚክ ቁጥር ዘጠኝ አወጣሽ። እማዬ በጋዜጣ ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥሽና ጋዜጣውን እየፈታሽ፣ እንደ ዋዛ፣ «ይሄን እኮ እኔ ነኝ የሳልኩት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው» አልሽኝ። በጋሽ ሠዓሊ ስቱዲዮ ውስጥ ስድስት ዓመት እንደሠራሽ አውቃለሁ። እሳቸው በእርሳስ የሚነድፉትን አንቺ በቀለም ትከተዪው ነበር። የመጀመሪያ ሳምንትሽ ላይ ያለቀ ገጽ ላይ ቀለም አንጠባጥበሽ፣ ሁሉም ደንግጦ ሲያይሽ ጠብታዋን የበር ቁልፍ ቀዳዳ አድርገሽ ስለሳልሻት «ጠብታ» ብለው ስም እንዳወጡልሽም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ወንድምሽ፣ ያን ቀን ምን አደረግሁ? አጉሊ መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። የእናቴን ዕቃ ልለይ ስሄድ እንኳ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሽፋኑን አየሁት። የታተመው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ሠዓሊ እንጂ የአንቺ አይደለም።

«ምስክር አለሽ?» አልኩሽ።

መነጽሩን አየሽው፤ ከዚያ እኔን አየሽኝ። «አንዲት ነበረችኝ» አልሽ። ያቺ ምስክርሽ ከተቀበረች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ቦርሳሽን አንሥተሽ ወጣሽ፤ መጽሐፉን ወለሉ ላይ ተውሽው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ከተማ፣ በላብራቶሪ ቱቦዎች ላይ በዚያች ደቃቅ እጅሽ ቁጥር ትጽፊያለሽ አሉኝ፤ ሥዕል እንደማትነኪም ነገሩኝ። እኔም የጠየቅኩት የሞያ ጥያቄ ነው፣ ሐኪም ትኩሳት ሲለካ ይቀየሙታል ወይ፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ልንገርሽ፦ አላመንኩሽም ነበር። ውሸታም ነሽ አላልኩም፤ ምናልባት ጥቂት ገጾች ሠርታ ይሆናል፣ ትዝታ ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፣ ሲያድር ይነፋል፣ ብዬ ቀነስኩልሽ። ሰው ላይ ነጥብ መቀነስ የለመደ እጅ እህት አይመርጥም።

ነጥብ መቀነስ ካልኩ አለቃዬን ላስተዋውቅሽ። ዋና ደረጃ አውጪያችን ናት፤ እኛ በሌለችበት ወይዘሮ ነጥብ እንላታለን። በሥራ ዘመኗ ለማንም አሥር ሰጥታ አታውቅም። እንዴት አደርሽ ስትባል «ከሞላ ጎደል» ትላለች። ስለ ሠርጓ ስንጠይቃት «ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነበር፤ ዝናብ ነክቶታል» አለችን። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ፊቷ ስትቆሚ ማዕዘንሽ የተላለጠ ይመስልሻል።

እንግዲህ ጋሽ ሠዓሊ ለመጨረሻ ጊዜ ሊፈርሙ ሐሙስ ዕለት እንደሚመጡ ወይዘሮ ነጥብ አስታወቀች። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከዚህ በኋላ ከቤት አልወጣም ብለዋል። ለሠራተኛ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ ማስፈረም ተፈቀደልን። እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ያንቺን ቁጥር ዘጠኝ አስፈርሜ፣ በወርቃማ መለያ አሳሽጌ፣ ለዕርቅ እልክልሻለሁ። ሥራሽ ላይ የሌላ ሰው ስም ታትሞ ስላስቀየመሽ፣ ያንኑ ስም በእጅ ጽሑፍ ደግሜ ልጨምርልሽ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ይህንን ደግሞ እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥሬው ሦስት ቀን እያፏጨሁ ሥራ ገባሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ሠዓሊ ጠረጴዛው ላይ፤ እኔ በስተቀኛቸው፣ ዓይኔን እጃቸው ላይ ተክዬ፤ አሻጊው ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ማሽኑ ላይ። ደንበኞቹ ከመተላለፊያው መስታወት ወዲያ፣ ጀርባችንን ብቻ እያዩ፣ ተሰልፈዋል፤ የጥርስ ሐኪሙ ከፊት፣ ጎማ ሻጩ ሊያሾፍበት ብቻ ከኋላው። አርባ መጽሐፍ ተደርድሯል፤ ከነሱ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ቁጥር ዘጠኝ ናቸው፤ ምክንያቱም ሰብሳቢ ሁሉ ከ«ሊፍተኛው» የሚወደው ቁጥር ዘጠኝን ነው። ለምን እንደሚወደው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ሠዓሊ ሌሎቹን አንድ በአንድ ፈረሙ። ቁጥር ዘጠኞቹን ወደ ጎን እየገፉ አቆዩዋቸው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ከላይ ያለውን ሳቡ፤ የሠራተኛ ስለሆነ ከላይ የተቀመጠው የእኔው፣ ማለቴ ያንቺው፣ ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእህቴ ነው አልኳቸው። እህትህ ማን ናት አሉኝ። እርስዎ ጋ ትሠራ የነበረችው፣ ጠብታ የምትሏት፣ አልኩ። እስክሪብቶውን አነሡ።

በዚህ ጊዜ ነው ያስነጠሰኝ።

ዓይኔን ስገልጥ እስክሪብቶው ተከድኗል። ሽፋኑ ላይ፣ ከሊፍቱ በር በላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የጋሽ ሠዓሊ ስም ሳይሆን ያንቺ ስም ተጽፏል። «ጠብታ»። አጠገቧም አንዲት የቀለም ነጥብ። ጋሽ ሠዓሊ የቀሩትን አሥራ ስድስት ቁጥር ዘጠኞች አልፈርምም አሉ፤ ሌላ ነገር አልተነፈሱም። የጥርስ ሐኪሙ መስታወቱን ሲደበድብ ወይዘሮ ነጥብ ገባች፣ ሽፋኑን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። መመሪያችን ከምስክር በቀር የፈራሚውን ቃል አይቀበልምና፣ ማን ጻፈው ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኩ።

«አንተ አላየህም?»

«አስነጠሰኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

ወደ አሻጊው ዞራ ይማርህ ብሎኝ እንደሆነ ጠየቀችው። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ «ለማን?» አለ። እሷም እንደገና አየችኝ፤ ማዕዘኔን፣ ጀርባዬን፣ ሽቦዬን። ሦስት ጊዜ ያስነጠሰው ሰው አንድ ይማርህ እንኳ አላገኘም ወይ አለች። ያኔ ጋሽ ሠዓሊ ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ እኔን ብቻ እያዩ፣

«ይማርህ» አሉኝ።

ከዚህ በፊት ይማርህ ተብዬ አሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግራ መጋባት ነው። መጀመሪያ የወይዘሮ ነጥብን ልንገርሽ። ሁለት ስብሰባ ጠርታ ስታሰላ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ጋሽ ሠዓሊ ጽፈውት ከሆነ፣ እጁ የሠዓሊው ነው፤ ስሙ ግን የሌላ ነው፤ ስለዚህ የራሱን ስም ያልጻፈ ፈራሚ ፊርማውን አጭበርብሯል። ነገር ግን መጽሐፉን በእርግጥ የሠራችው ባለ ስሟ ከሆነች፣ ስሙ ትክክል ነው፤ እጁ ነው የተሳሳተው። በሌላ በኩል እሳቸው እስከ ዛሬ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የፈረሙት ሁሉ እጁም ስሙም ትክክል፣ ሥራው ግን የሌላ ሰው ነው። ታዲያ እውነተኛው ፊርማ የትኛው ነው? ሐሰተኛው ነው እንዴ? ይህን ስትናገር ሰምቼ እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ እሷ ውኃ ጠጣች፤ አሻጊው ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እያደር ደፈረሰ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ካላወቅሽም ይኸው። ባለፉት ዓመታት ጋሽ ሠዓሊ ሁለት ጊዜ መጥተው በፈረሙበት ቁጥር ዘጠኝ ሁሉ ላይ «ፈጣሪው ሲፈርም አይቻለሁ» ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ወርቃማ መለያ። አንደኛው የጥርስ ሐኪሙ ሳሎን ውስጥ፣ ከልጆቹ ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የሠራችው ሌላ ሰው ናት ከተባለ ሠላሳ ሁለቱም የጎማ ሻጩ ጎማ ይሆናሉ፤ ያልሠራው ሰው በቢላ የጻፈባቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ዓይኔ ምን ሲያይ ኖረ ይባላል። ስለዚህ አስነጠሰኝ ማለት ለሁሉም ይመቻል። ለቤቱ፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለሠላሳ ሁለቱ ሣጥኖች፣ ለደመወዜ። ካንቺ በስተቀር።

ወይዘሮ ነጥብ ለጊዜው መጽሐፍሽን ግራጫ መለያ ሰጠችው። ያለ ጽሑፉ ዘጠኝ ነጥብ አራት ይገባው ነበር፤ ስድስት ነጥብ አምስት ሆነ። መለያው ላይ «በማይታወቅ እጅ የተጻፈበት» ይላል። ምስክሩ ቃሉን ማስተካከል ቢፈልግ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ የማረሚያ ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አቧራ እንደምታብስ ሆና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አምስተኛው ቀን ነገ ነው።

እሑድ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ። መጽሐፍሽ ታሽጎ የተመለሰበትን ሣጥን በጠፍጣፋ መፍቻና በመዶሻ ሰበርኩት። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ የጎረቤቴ ውሻ ጮኸ፤ እኔም ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መጽሐፉን አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት። እትዬ፣ ሁለት መቶ ያህል ቁጥር ዘጠኝ በእነዚህ እጆቼ አልፏል። የእያንዳንዱን ሽቦ ዝገት በቃሌ እነግርሻለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ገጽ የምንገልጠው የጎደለ እንዳለ ለመቁጠር እንጂ ለማንበብ አይደለም።

በሁለት ፎቅ መካከል የቆመ ሊፍት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። ስድስት ሰዎች አንዲት ሣጥን ውስጥ ታሽገው። (አይ አንቺ፤ በኋላ ስለምሠራው ሥራ አስቀድመሽ ነው እንዴ የሳልሽው?) ሊፍተኛው እስኪመጡላቸው ሊያጫውታቸው ይሞክራል፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዷ ትጸልያለች፣ አንዱ የበላውን ይናዘዛል። ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የተሰባበረ ፕላስቲክ መሃል፣ ሳቅኩ። ሰው ለምን ይህን ቁጥር እንደሚወደው ያኔ ገባኝ።

ገጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ጥግ የቆመችው ሴትዮ ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳው እጀታው ተበጥሶ በጫማ ማሰሪያ ተጠግኗል። ማሰሪያው በግራ በኩል ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል፤ ጫፉ ተተልትሏል። ያ የእማዬ ቦርሳ ነው። ማሰሪያው ደግሞ የእኔ ነው። መንገድ ላይ እጀታው ተበጥሶባት ሽንኩርቷ ሲንከባለል፣ የግራ ጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ ወር ሙሉም አንዱን ጫማዬን በሲባጎ አስሬ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ አንቺም «ባለ ሲባጎው» እያልሽ አቃጥለሽኛል። ያንን ቋጠሮ በዚህ ዓለም የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ሠዓሊ አያውቁትም። ስለዚህ እማዬ መጽሐፉን ከአንሶላ ሥር ለምን እንደደበቀችው ገባኝ፤ «አንዲት ነበረችኝ» ያልሽውም ገባኝ። በቦርሳው መዝጊያ ላይ ደግሞ፣ እንደ ቁልፍ ሆና፣ አንዲት ጠብታ።

ለሰባት ዓመት ማስረጃ ስጠይቅሽ ማስረጃው እጄ ላይ ነበር፤ ቁጥር ሰጥቼ አሽጌ የምመልሰው እኔ ራሴ ነበርኩ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። በዓይን የሚኖር ሰው ግን ዓይኑን ምን እንደሚጋርደው ያየሁት እሑድ ነው።

ከእሑድ ወዲህ ቅጹ ፊቴ ነው። ስሞላው የጥርስ ሐኪሙ ፊት ይመጣብኛል፤ ስተወው የእማዬ ቦርሳ ይመጣብኛል። ፊርማ ዋጋ ይጨምራል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ባለሞያ ነኝና፣ አላውቅም እልሻለሁ። ያንቺ ስም ያንን ሽፋን ከዘጠኝ ነጥብ አራት ወደ ስድስት ነጥብ አምስት አወረደው፤ እኔ ደግሞ ከሁለት መቶው ለአንዱም ያላለቀስኩትን ለዚህኛው አለቀስኩ። ይህን የሚመዝን ሚዛን ቤታችን የለውም። ወይዘሮ ነጥብን ልጠይቃት ይሆናል፤ «ከሞላ ጎደል» ትለኛለች።

መጽሐፍሽን ያለ ሣጥን፣ በካርቶን መሃል አድርጌ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ማዕዘኑ በመንገድ ቢታጠፍ ይታጠፍ። በእጅሽ ንኪው፤ ገልጠሽ አንብቢው፤ ከፈለግሽ ራስሽ ፈርሚበት። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ እጅሽን አላይም። ወይም ደግሞ፣ ከፈቀድሽ፣ እመጣና አያለሁ፤ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ወንድም፤ ዓይኔን እያርገበገብኩ፣ እያወራሁ፣ መሃል ላይ ውኃ እየጠጣሁ። የእማዬ ቦርሳ ከእኔ ጋር ነው። ማሰሪያው አልተፈታም።

ያ ባለ ሲባጎው ወንድምሽ

ማረሚያ

ከላይ በመጀመሪያው አንቀጽ «ሦስት ጊዜ ያስነጠሰኝ መሆኑን» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ስለሆነ «አንድም ጊዜ ያላስነጠሰኝ መሆኑን» ተብሎ ይነበብ። ምስክሩ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት ፍጹም ጤነኛ ነበር። ሠዓሊው የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደሆነች ከሰሙ በኋላ «ቁጥር ዘጠኝን እኔ አልሠራሁትም፤ ጀርባዬን አሞኝ ሦስት ወር ተኝቼ እሷ ነች የሠራችው። ስሟን ማሳተም ሲገባኝ ዝም አልኩ። በል፣ አንተ ምስክር ነህ፤ እይ» ብለው፣ በራሳቸው ቀኝ እጅ «ጠብታ» ብለው ሲጽፉ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ከነካበት ቅጽበት እስከ ለቀቀበት ድረስ ምስክሩ በሁለት ዓይኖቹ አይቷል። አላርገበገበም። በመለያው ላይ «በማይታወቅ እጅ የተጻፈበት» የሚለው «በሠዓሊው እጅ፣ በሠራችው ስም የተጻፈበት» ተብሎ ይነበብ። ምስክሩ ከዚህ በፊት በሠላሳ ሁለት ቅጂዎች ላይ «ፈጣሪው» ብሎ የሰጠውም ቃል በዚሁ መሠረት ይታረም። ይኸው ቃል በቅጹ ላይ ተሞልቶ ዛሬ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዋና ደረጃ አውጪዋ በእጅ ተሰጥቷል። አንብባ ስትጨርስ የቀነሰችው ነጥብ የለም።

እንዲሁም ከሰባት ዓመት በፊት፣ በእናታችን ቤት፣ በቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት «ምስክር አለሽ?» ተብሎ የቀረበው ጥያቄ ተሰርዞ፣ በምትኩ «አለሽ፤ እኔ ነኝ» ተብሎ ይነበብ።